ዋሊያዎቹ 10 ቁጥር ይፈልጋሉ፤ ሂርና ደግሞ መልማይ

ቅዳሜ ማታ ሂርና ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ነው ያለው፤ የአርሴናልና የማንቸስተር። ሊቨርፑልና ቼልሲን የሚደግፉም አልጠፉም፤ ግን ድምፃቸው የሚሰማው ሲያሸንፉ ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጭሮ በኩል ወደ ሐረርና ድሬዳዋ የሚዘልቀው አስፋልት የሚያቋርጣት ይህች የቱሎ ወረዳ ከተማ፣ ቀን ቀን ስለ ጫት ዋጋ ስትከራከር ትውልና ሲመሽ ክርክሯን ይዛ ዲኤስቲቪ ቤት ትገባለች። አግዳሚው ሲሞላ ልጆቹ መሬት ላይ ይቀመጣሉ። የሳካን ጉዳት ከሐኪሙ በላይ የሚያውቅ ሰው እዚህ አለ።

ሰሞኑን ለዕረፍት ወደ ትውልድ ከተማዬ ብቅ ብዬ እኔም አንዱ ጥግ ተቀምጬ ነበር። ጨዋታው ለዕረፍት ሲወጣ ከኋላዬ አንድ ወጣት ትከሻዬን ነካ አደረገና፣

"አቦ አንተ የአዲስ አበባ ሰው፣ እስቲ አንድ ነገር ንገረን። ዋሊያን ማን ነው የሚያጫውተው?" አለኝ።

"አሰልጣኙን ነው?"

"አሰልጣኝማ በየጊዜው ይቀያየራል። እኔ የምልህ ሜዳ ውስጥ ኳሱን ተቀብሎ የሚያጫውተውን ነው። ለእንግሊዞቹ ቡድኖች ሁሉ መልስ አለን። ለራሳችን ግን ማን እንበል?"

ቤቱ ፀጥ አለ። አንዱ "ሽመልስ" ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ተወው። ያ ዝምታ ነው ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። ጋዜጠኛ ከመሆኔ በፊት ደጋፊ ነኝና ዛሬ እንደ ደጋፊ ልናገር።

በ10 ሰው ጀግና፣ በ11 ሰው ግራ

ጥር 13 ለኢትዮጵያ እግር ኳስ የተለየ ቀን ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ በይድነቃቸው ተሰማ የሚመራው ቡድን፣ እነ ሉቺያኖ ቫሳሎን፣ ኢታሎ ቫሳሎንና መንግሥቱ ወርቁን ይዞ፣ በዚያን ጊዜ የተባበረችው የአረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። ልክ በ51ኛ ዓመቱ፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም፣ የሰውነት ቢሻው ልጆች ከ31 ዓመት መጥፋት በኋላ ደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩይት ላይ ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ተፋጠጡ።

ያን ቀን ሂርና ላይ ሥራ የሠራ ሰው አላውቅም። ሳላዲን ሰይድ ፍፁም ቅጣት ምት ሳተ። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ዕረፍት ሊወጡ ሲሉ ኮሊንስ ምቤሱማ አገባብን። አለቀልን ስንል በ10 ሰው የቀረው ቡድን ተነሳና አዳነ ግርማ አቻ አደረገን፤ 1 ለ 1። በርጫው ላይ የነበሩት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ቆመው ነበር።

ከአራት ቀን በኋላ ግን ተገላቢጦሹ መጣ። ከቡርኪና ፋሶ ጋር ስንጫወት በሁለተኛው አጋማሽ በቀይ ካርድ የወጣው የእነሱ በረኛ ነው። በዚያን ሰዓት 1 ለ 0 እየተመራን ነበር። አሁንስ አገኘናቸው አልን። የሆነው ምንድን ነው? ባለ 10 ሰዎቹ ሦስት ጨምረው 4 ለ 0 ሸኙን። በመጨረሻው የናይጄሪያ ጨዋታ ደግሞ ሁለት ፍፁም ቅጣት ምት ተሰጠብን፣ ቪክቶር ሞሰስ ሁለቱንም አስገባ፣ ሲሳይ ባንጫም በቀይ ወጣ።

በእኔ ዕይታ የዋሊያዎቹ ችግር ከእነዚህ ሁለት ጨዋታዎች በላይ የትም አይታይም። በ10 ሰው ስንቀር ሁሉም ሥራውን ያውቃል። ሩጥ፣ ሸፍን፣ ስትቀማ ቶሎ ሂድ፤ ልብ ብቻ ይበቃል። በ11 ሰው ሆነን ተጋጣሚ ሲጎድልና ሜዳው ሲሰፋ ግን ልብ ብቻ አይበቃም። ኳሱን የሚያረጋ፣ መቼ እንደሚፈጠንና መቼ እንደሚቆይ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። እሱ ሲጠፋ አስራ አንዱም በአንድ ጊዜ ጎል ሊያገባ ይሮጣል። በሩ ክፍት ሆኖ ይቀራል።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላም የተለየ ነገር አላየንም። እ.ኤ.አ በጥር 2022 በውበቱ አባተ እየተመሩ ካሜሩን የሄዱት ዋሊያዎች የመጀመሪያውን ጨዋታ ገና በ12ኛው ደቂቃ ያሬድ ባየህን በቀይ ካርድ አጥተው በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0 ተሸነፉ። ከአስተናጋጇ ካሜሩን ጋር ዳዋ ሆቴሳ በ4ኛው ደቂቃ አስቆጥሮ አስጨፈረን፤ ጨዋታው ሲያልቅ ግን ውጤቱ 4 ለ 1 ነበር። ከቡርኪና ፋሶ ጋር ጌታነህ ከበደ በፍፁም ቅጣት ምት አቻ አድርጎ 1 ለ 1 ወጣን።

ደምሩት። በሁለቱ የአፍሪካ ዋንጫዎች 6 ጨዋታ፣ 3 ጎል አግብተን 13 ተቆጠረብን፣ 2 ነጥብ፣ 3 ቀይ ካርድ። "ኳስ እናውቃለን፣ ዕድል ነው የጎደለን" የሚለውን ወሬ ይህ ቁጥር አይቀበለውም። ኳስ መንካት እናውቃለን፣ ልክ ነው። ጨዋታ መምራት ግን ሌላ ሙያ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ታዲያ ያ ሙያ ብልጭ ይላል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም ማላዊ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ያየ ሰው ምን ለማለት እንደፈለግኩ ይገባዋል። ዳዋ ሆቴሳ የመጀመሪያውን፣ ሽመልስ በቀለ ሁለተኛውን አገቡ። ያን ቀን ቡድኑ አልቸኮለም። ኳሱ የሚያልፍበት ሰው ነበረውና።

ከሽመልስ በኋላ ማን?

ሽመልስ በቀለ ከሐዋሳ ተነስቶ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ አልፎ፣ በሊቢያና በግብፅ ሊጎች ለዓመታት የተጫወተ ሰው ነው። እ.ኤ.አ በ1990 ነው የተወለደው፤ ሒሳቡን ለአንባቢ ትቼዋለሁ። ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ስሙን የጀመረው ልጅ ሳይጨርስ የተወውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ወራሹ ማን ነው? በዚያው ሌሊት በርጫ ላይ የተጠሩትን ስሞች ከእኔ አስተያየት ጋር ላቅርብ።

አቡበከር ናስር፤ እሱን የማይወድ የለም። በ2013 ዓ.ም በኢትዮጵያ ቡና ማሊያ 29 ጎል አግብቶ የጌታነህ ከበደን የ25 ጎል ሪከርድ ሰበረ። ከዚያ ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ፣ ጉዳት ግን ደጋግሞ አንገላታው። ቢሆንም እሱ ጨራሽ ነው። የሚጨርስን ሰው አጫውት ብሎ መሀል ማስቀመጥ ጥሩ ቢላዋ ይዞ እንጨት እንደመፍለጥ ነው።

ሱራፌል ዳኛቸው፤ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም ዋንጫ ሲወስድ ኳሱ በእሱ እግር ነበር የምታልፈው። ከመሀል ሜዳ ቀና ብሎ የሚልካት ረጅም ኳስ ታምራለች። የእኔ ምርጫ እሱ ነበር። ግን ጠንካራ ተጋጣሚ ሲጫነው ከጨዋታው የሚጠፋባቸው ደቂቃዎች አሉ።

ከነዓን ማርክነህ፤ ኳስ ይዞ ይገባል፣ ተከላካይ አይፈራም። እሱ ግን የሚያጫውት ሳይሆን የሚሰብር ነው። ቢኒያም በላይም ለእኔ የመስመር ሰው ነው። ጋቶች ፓኖም ከኋላ ሆኖ የሚጠብቅ፣ እ.ኤ.አ በ2017 እስከ ሩሲያው አንዢ ማካችካላ የደረሰ ጉልበተኛ ነው።

አያችሁ? ሁሉም ጥሩ ተጫዋቾች ናቸው። ግን ሁሉም ስማቸውን ካወቅነው ዓመታት ያለፏቸው ናቸው። የ18 እና የ19 ዓመት ልጅ ጠርቶ "ይኸውላችሁ መጪው 10 ቁጥር" ያለ ሰው በዚያ በርጫ ላይ አልነበረም። ዋሊያዎቹ ለሞሮኮው የ2025 አፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ በ4 ነጥብ የምድቡ መጨረሻ ሲሆኑ ሁላችንም አሰልጣኙን ወቀስን። ኪንሻሳ ላይ ዲሞክራቲክ ኮንጎን 2 ለ 1 ስናሸንፍ ደግሞ አሞገስነው። አሰልጣኝ ግን ያልበቀለ አያጭድም።

መጨረሻ የወጣ መጀመሪያ ይመርጣል

እዚህ ላይ አንባቢን ለትንሽ ጊዜ አሜሪካ ልውሰድ። አሜሪካኖች "ፉትቦል" የሚሉት በእጅ የሚወረወረውንና የሚተራመሱበትን ጨዋታ ነው። እዚያ ጨዋታ ውስጥ "ኳርተርባክ" የሚባል ሰው አለ። ኳሱ መጀመሪያ ለእሱ ነው የሚሰጠው፤ ማን ወዴት እንደሚሮጥ አይቶ የሚያቀብል እሱ ነው። የእኛ 10 ቁጥር ማለት ነው፣ ከዚያም ይብሳል። እሱ ከሌለ ቡድኑ የለም።

አዲስ ተጫዋች የሚያገኙበት መንገድ ነው የሚገርመው። በየዓመቱ 32ቱ ክለቦች ተሰብስበው ከኮሌጅ የሚወጡትን ልጆች በሰባት ዙር በተራ ይመርጣሉ። ተራው ታዲያ እንደኛ በገንዘብ አይደለም። ባለፈው ዓመት መጨረሻ የወጣው መጀመሪያ ይመርጣል፤ ሻምፒዮኑ መጨረሻ። ደካማው እንዲጠነክር ተብሎ ነው።

እነሱም ቢሆኑ ይሳሳታሉ። እ.ኤ.አ በ1998 አንደኛ የተመረጠው ፔይተን ማኒንግ ታላቅ ሰው ሆነ። ቀጥሎ ሁለተኛ የተመረጠው ራያን ሊፍ ግን ከጥቂት ዓመታት በላይ አልቆየም። እ.ኤ.አ በ2000 ደግሞ 198 ልጆች ተመርጠው ካለቁ በኋላ 199ኛ ሆኖ የተጠራ አንድ ቀጭን ኳርተርባክ ነበር። ቶም ብሬዲ ይባላል። ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኖ ነው ጫማውን የሰቀለው።

ይህን ያነሳሁት የእነሱን ሥርዓት እንቅዳ ለማለት አይደለም። እኛ ጋ ልጆቹን አሳድጎ የሚያቀርብ የኮሌጅ ሊግ የለም። ነገሩ ወዲህ ነው። ብሬዲ 199ኛ ቢሆንም ስሙ ዝርዝር ውስጥ ነበር። አንድ ሰው ሄዶ አይቶታል፣ ጽፎታል። የሂርና፣ የበዴሳ፣ የገለምሶ፣ የጭሮ ልጅ ግን 199ኛ እንኳ አይደለም፤ ዝርዝሩ ላይ ጭራሽ የለም።

ክለቦቻችን አብዛኞቹ በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት ገንዘብ የሚንቀሳቀሱ ናቸው። በክረምቱ ዝውውር አንዱ ከአንዱ ያለቀለት ተጫዋች ይገዛል። የተጫዋቹ ማሊያ ይቀየራል እንጂ ሊጉ ውስጥ አዲስ ሰው አይገባም። ይህ ምሥራቅ ደግሞ ለእግር ኳስ እንግዳ አይደለም። የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን እ.ኤ.አ በ1960ዎቹ ከአንድ ጊዜ በላይ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ነበር። ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ ሊጉን በዲኤስቲቪ ማየት ጀመርን፤ ደስ ብሎናል። እኛ ክለቦቹን አየናቸው፣ እነሱ ግን እኛን አላዩንም።

ግራኙ ልጅ

በማግስቱ እሁድ ጠዋት ሜዳ ወረድኩ። ሜዳ ስል አንድ ወገኑ ዘቅዘቅ ያለ፣ በበጋ አቧራ በክረምት ጭቃ የሆነ ባዶ ቦታ ነው። ወደ ላይ የሚያጠቃው ቡድን በሁለተኛው አጋማሽ ይደክመዋል፤ ስለዚህ ሳንቲም ሲወረወር ሁሉም ቁልቁለቱን ለኋላ ያስቀምጣል። እኛም እንደዚያ ነበር የምናደርገው።

ትልልቆቹ መሀል አንድ ልጅ ገብቷል። 15 ዓመቱ ነው አሉኝ። ግራኝ ነው። ኳስ ሲመጣለት ሁሉም "ስጥ! ስጥ!" ይለዋል። አይሰጥም። እግሩ ሥር ያደርጋትና ቀና ይላል። አጥቂው መሮጥ ሲጀምር ነው የሚለቃት፤ ኳሷና ልጁ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ዕድል ነው እል ነበር። አራት ጊዜ አደረገው። እኔ ለሃያ ዓመት ያህል በዚህ ሙያ ስታዲየም ተመላልሻለሁ፤ ያ ቀና ማለት አይማሩትም፣ ይዘውት ነው የሚመጡት።

ከጨዋታው በኋላ አባቱ ጋ ወሰዱኝ። አስፋልቱ ዳር በረንዳ ላይ መኪና ዘርግተው ልብስ የሚሰፉ ሰው ናቸው። ሻይ አዘዙልኝ። ክርኑን በጥርሳቸው በጠስ አደረጉና፣

"አንተ እንኳን መጣህ፣ የምጠይቀው ሰው አጥቼ ነበር" አሉኝ። "አንድ ሰው መጥቶ ነበር። ልጁን ከተማ ወስጄ ለክለብ አስሞክረዋለሁ ይላል። ኳሱን አይቶለታል። ግን ወረቀቱ ላይ ሁለት ዓመት ቀንስ አለኝ። 13 ካላልከው አይወስዱትም አለ።"

"እርስዎ ምን አሉት ጋሼ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? እሱ የለመደ ሰው ነው። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው ይላል። እውነት ነው?"

ምን ልበላቸው? ሁሉም ባይሆን ብዙ ሰው እንደሚያደርገው አውቃለሁ። ፊፋ እ.ኤ.አ ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ማየት የጀመረው በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ነገርኳቸው። ማሽን ሳይደርስባቸው የሚያልፉ እንዳሉም አልደበቅኳቸውም። እሳቸውም ዝም ብለው ሰሙኝ። ልጁ በሩ ጋ ቆሞ ጫማውን ያያል።

"ያኛውን ሰው ለምን አትጠራውም?" አሉኝ በመጨረሻ።

ሁለት ዓመት ቀንስ

"ያኛው ሰው" የእኛ ዘመን 10 ቁጥር ነው። ስሙን አልጽፍም። ሂርና ውስጥ ዕድሜው ከ35 በላይ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ከእኛ ሰፈር አዲስ አበባ ሄዶ ኳስ የተጫወተ እሱ ብቻ ነው። በሁለት ዓመቱ ተመለሰ። ጉልበቱን ተጎድቶ ነው ይባል ነበር፤ እኔም እንደዚያ ነበር የማውቀው። አሁን ጫት የሚጭን አይሱዙ ይነዳል። ጫት ሳይደርቅ መድረስ አለበትና እንደሱ ዓይነቱን ሰው ቁጭ ብሎ ማግኘት ከባድ ነው። ያን ቀን ግን አገኘነው።

ነገሩን ስንነግረው ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው።

"ጉልበቴ ነው ብዬ ነበር አይደል የነገርኳችሁ?" አለኝ። "ጉልበቴ አንድ ወር አልፈጀም። ሦስት ዓመት ቀንሼ ነበር የገባሁት። አንድ ደህና ክለብ አየኝና ፈለገኝ። የትምህርት ቤት ማስረጃ አምጣ አሉኝ። ካመጣሁ ዕድሜዬ አይገጥምም። ካላመጣሁ አይፈርሙኝም። አመጣለሁ ብዬ ወጣሁ፤ በዚያው መኪና ተሳፍሬ ሂርና ገባሁ።"

ለልጁ ዞሮ፣ "ስማ፣ ሲጠሩህ እየፈራህ አትጫወት። ኳስ ሲመጣልህ ቀና ትላለህ አይደል? እኔ ከዚያ በኋላ ቀና አላልኩም" አለው።

ሃያ ዓመት የጓደኛዬን ታሪክ በስህተት ስናገር ኖሬያለሁ። ለካ አንድ ተጫዋች ያጣነው በጉልበት ሳይሆን በወረቀት ነው። ስንቱን እንዲህ አጣን? ከሜዳ ውጪ የሚሠራ የወረቀት ስህተት ብሔራዊ ቡድንንም እንዴት እንደሚጎዳ በ2005 ዓ.ም አይተናል። ለ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን 2 ለ 1 አሸንፈን፣ በሁለት ቢጫ ካርድ የታገደ ተጫዋች አሰልፋችኋል ተብሎ ነጥቡ ተነጠቀ። ያኔ ሴንትራል አፍሪካን አሸንፈን ብንተርፍም ናይጄሪያ በመጨረሻው ዙር ድምሩ 4 ለ 1 ሆኖ አስቀረችን። እግር ኳሳችን ውስጥ እግሩ ደህና ሆኖ ወረቀቱ የሚታመም ነገር ይበዛል።

አባትየው መኪናቸውን ሸፈኑ። "የ8ኛ ክፍል ፈተናውን ይፈተን" አሉ። "ከዚያ እኔው ራሴ ይዤው ድሬ እሄዳለሁ። 15 ነው እላቸዋለሁ። ከወሰዱት ወሰዱት።"

"ካልወሰዱትስ አባ?" አለ ልጁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ።

"ካልወሰዱህ ስምህን ይዘህ ትመለሳለህ።"

እንደ ደጋፊ የምለው

ይህ ልጅ የዋሊያዎቹ መጪ 10 ቁጥር ነው እያልኩ አይደለም። 15 ዓመት ገና ነው። አይተን "ይኼስ ተገኘ" ያልናቸው ስንቶቹ መንገድ ላይ ቀርተዋል። የራያን ሊፍን ታሪክ የነገርኳችሁም ለዚህ ነው።

የምለው ይህን ነው። መጨረሻ የወጣ መጀመሪያ ይምረጥ የሚል ሕግ ባይኖረንም፣ የየክለቡ አንድ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ በዚህ አስፋልት ላይ ይውረድ። ሚኤሶ፣ ጭሮ፣ ሂርና፤ መንገዱ አስፋልት ነው፣ ሻዩ ጥሩ ነው። ሜዳ ዳር ቆሞ ይይ፣ ስም ይጻፍ፣ ትክክለኛውን ዕድሜ ይጻፍ። "ዕድሜ ቀንስ" የሚሉት ሰዎች ከተማችን የሚገቡት ሌላ የሚመጣ ስለሌለ ነው። ባዶ ወንበር ላይ ማንም ይቀመጣል።

ክለቦቹም "13 ካልሆነ አንፈልግም" ማለታቸውን ይተዉ። የ15 ዓመት ልጅ 15 ዓመቱ ነው ተብሎ የሚገባበት በር ከሌለ ሐሰተኛውን የምናሳድገው እኛው ነን።

እሁድ ማታ ወደ ዲኤስቲቪ ቤቱ ተመለስኩ። ያ ወጣት እንደገና ከኋላዬ ነበር። "መልሱን አገኘህ ወይ?" አለኝ። "ማን እንደሚያጫውተን ገና አላወቅኩም፤ አንድ ቀና የሚል ልጅ ግን አይቻለሁ" አልኩት። "እሱንማ እኛም እናውቀዋለን" አለና ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ።

የምታውቁትስ እናንተ ናችሁ፤ የቀረው እነሱ እንዲያውቁት ነው። ቸር እንሰንብት።